ቀላል ወርክስቴሽን ኪቦርድ ለመድረክም ለስቱዲዮም እንዴት ይመረጣል? ደረጃ በደረጃ

ወርክስቴሽን ኪቦርድ (ከበሮውን፣ ቤዙንና ሌላውን ክፍል ራሳችሁ የምታቀናብሩበት ኪቦርድ) የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። የዴሞ ቁልፍ ይጫናል፣ በባለሙያ የተቀናበረ ሙዚቃ በጥሩ ስፒከር ይወጣል፣ ገንዘብ ይከፈላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድምፅ ሲቀየር እንደሚቆረጥ፣ የራስን ቅንብር መቅጃ እንደሌለው ወይም አዳፕተሩ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ እንደሆነ ይታወቃል። ይህ እንዳይደርስባችሁ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ተከተሉ። ደረጃ 1ን እና ደረጃ 4ን በምንም ምክንያት አትዝለሉ።

እዚህ ላይ "ቀላል" የምንለው ባለ 61 ኪ (በጣት የሚመታው ነጭና ጥቁር ቁልፍ) ሆኖ ከ7 ኪሎ ግራም የማይበልጠውን ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት

- የለመዳችሁትን የጆሮ ማዳመጫ ከትልቁ ጃክ (6.3 ሚሊ ሜትር) መቀየሪያ ጋር። በሱቁ ስፒከር አትፍረዱ።
- የራሳችሁን ሰስቴይን ፔዳል (በእግር ሲረገጥ ድምፁን የሚያረዝመው)።
- በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ። ብዙ ኪቦርዶች በሌላ ፎርማት የተዘጋጀውን አያነቡም።
- ላፕቶፕና የፕሪንተር ዓይነት ዩኤስቢ ገመድ።
- አንድ ሙሉ ሰዓት። ሻጩ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ በሌላ ቀን ተመለሱ።

ደረጃ 1፦ ሥራችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩ

1. ከምትጫወቷቸው ዘፈኖች ውስጥ በጣም የሚያስቸግሯችሁን ሦስት ምረጡ። ቀላሉን ዘፈን ማንኛውም ኪቦርድ ይጫወተዋል።
2. ለእያንዳንዱ ዘፈን በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ ጻፉ። ለምሳሌ ግራ እጅ ቤዝ፣ ቀኝ እጅ መሃል ላይ ብራስ፣ ጫፉ ላይ ዋሽንት ከሆነ ኪቦርዱ ሦስት ቦታ መከፈል አለበት።
3. ዘፈኑ ሳይቆም ስንት ጊዜ ድምፅ እንደምትቀይሩ ቁጠሩ።
4. ከበሮና ቤዝ ከኪቦርዱ መውጣት አለበት ወይስ ባንዱ ይጫወታል? መልሱን ጻፉ።
5. በወር ውስጥ ስንቱ ቀን መድረክ፣ ስንቱ ቀን ስቱዲዮ እንደሆነ ጻፉ።

እዚህ ላይ የሚበላሸው "ሁሉም ያስፈልገኛል" ሲባል ነው። ሦስቱ ዘፈኖች ከሁለት ድምፅ በላይ የማይጠይቁ ከሆነ፣ 16 ድምፅ ለሚደራርብ ኪቦርድ የምትጨምሩት ገንዘብ ለጥሩ ስታንድና ለዲአይ ቦክስ (የኪቦርዱን ድምፅ በረጅም ኬብል ወደ ሚክሰር በጥራት የሚያስተላልፍ ትንሽ ሳጥን) ቢውል ይሻላል።

ደረጃ 2፦ አሬንጀርን ከወርክስቴሽን ለዩ

አሬንጀር ላይ በግራ እጃችሁ ኮርድ ስትይዙ ከበሮው፣ ቤዙና ጊታሩ ተከትሎ ይሄዳል፤ መግቢያውና መውጫውም በአንድ ቁልፍ ነው። ወርክስቴሽን ግን እያንዳንዱን ክፍል ራሳችሁ የምታቀናብሩበት መሣሪያ ነው። አርፔጂየተሩ (የያዛችሁትን ኮርድ ወደ ተከታታይ ኖታ የሚቀይረው) ኮርድ ቢከተልም የአሬንጀርን ቦታ አይተካም። በአሬንጀር ያደገ ኪቦርዲስት ወርክስቴሽን ገዝቶ በመጀመሪያው ሠርግ ላይ የሚቸገረው ለዚህ ነው። ብቻችሁን ሠርግ የምትሠሩ ከሆነ እዚህ ቁሙ፤ የምትፈልጉት አሬንጀር ነው።

ከባንድ ጋር የምትጫወቱ ወይም ቤት ውስጥ የምታቀናብሩ ከሆነ ቀጥሉ። ሆኖም ወርክስቴሽን ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ እኩል መቅጃ የለውም። ያማሃ ኤምኤክስ61 ድምፁ ጥሩ፣ ክብደቱ 4.8 ኪሎ ነው፤ ነገር ግን የተዘጋጀ ፋይል ከፍላሽ ያጫውታል እንጂ የራሳችሁን ቅንብር በላዩ አትቀዱም። ሮላንድ ጁኖ-ዲኤስ61 ባለ 8 ትራክ የፓተርን ሲክዌንሰር (አጫጭር ክፍሎችን እየቀዳ የሚደጋግም መቅጃ) አለው። ኮርግ ክሮስ 2 እና ሮላንድ ኤፍኤ-06 እስከ 16 ትራክ ይቀዳሉ። ያማሃ ሞድኤክስ6 በ2018 ሲወጣ የፓተርን ሲክዌንሰር አልነበረውም፤ የተጨመረለት በ2019 በወጣው የሶፍትዌር ስሪት 2.0 ነው። ያገለገለ ሞድኤክስ ስታዩ ስሪቱን ከሴቲንግ ውስጥ አንብቡ። ስሪቱ አሮጌ ከሆነ በዋጋ መደራደሪያ ይሆናችኋል፤ ማሻሻያውን በነፃ አውርዳችሁ መጫን ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ የምትሸከሙትን ሁሉ መዝኑ

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የኪቦርዱ ክብደት ብቻ ነው። እናንተ የምትሸከሙት ግን ከነቦርሳው፣ ከነስታንዱ ነው። ክሮስ 2-61 ራሱ 3.8 ኪሎ ነው። ወፈር ያለ ስፖንጅ ያለው ቦርሳ 3 ኪሎ፣ የኤክስ ቅርጽ ስታንድ 4 ኪሎ፣ ፔዳል፣ አዳፕተርና ኬብል 1.5 ኪሎ ቢይዙ ድምሩ 12.3 ኪሎ ይደርሳል። ባለ 88 ኪው ክሮስ 2 ያለምንም ዕቃ ብቻውን 12.3 ኪሎ ይመዝናል! ሞድኤክስም እንዲሁ ነው፤ ባለ 61 ኪው 6.6፣ ባለ 88ቱ 13.8 ኪሎ። ልዩነቱን የሚያመጣው ባለ 88ቱ ላይ የሚገጠመው እንደ ፒያኖ የሚከብድ የኪ አሠራር ነው።

በአውሮፕላን የምትጓዙ ከሆነ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ደምሩ። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት ድምር 158 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 23 ኪሎ ነው። ባለ 61 ኪ በጠንካራ ሳጥን ውስጥ ሆኖ 105 በ38 በ15 ቢሆን ድምሩ በትክክል 158 ነው፤ ይፈቀዳል። ባለ 88 ኪ ከነሳጥኑ ይህን መጠን በሰፊው ያልፋል፤ ተጨማሪ ክፍያ ይጠብቃችኋል። ሳጥኑን ከመግዛታችሁ በፊት በሜትር ለኩ። የበረራችሁንም ደንብ ቲኬቱ ላይ አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ መብራቱን አረጋግጡ

ብዙ ኪቦርድ የሚቃጠለው እዚህ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣው ዕቃ ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የሶኬት መቀየሪያ የፒኑን ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ቮልቱን አይነካም።

1. አዳፕተሩን ገልብጣችሁ ኢንፑት የሚለውን መስመር አንብቡ። "100–240 ቮልት" ካለ በሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይሠራል። "120 ቮልት" ብቻ ካለ እዚህ ሀገር ሶኬት ላይ አትሰኩት።
2. አዳፕተር የሌለውና የመብራት ገመዱ በቀጥታ የሚገባበት ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ።
3. ሌላ አዳፕተር የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር አስተያዩ። አውትፑት ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። የፕላስና የማይነስ ምልክቱ (መሃሉ ላይ የትኛው እንዳለ የሚያሳየው ሥዕል) ከኪቦርዱ ጋር አንድ ይሁን።

ጃኩ ስለገባ ብቻ አዳፕተሩ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ኤምኤክስ በ12 ቮልት፣ ሞድኤክስ በ16 ቮልት ይሠራሉ፤ ሁለቱም ያማሃ ናቸው። በስህተት የተሳሳተ ሰክታችሁ ኪቦርዱ ካልተነሣ ደጋግማችሁ አትሞክሩ። ነቅላችሁ ለጥገና ባለሙያ ስጡት፤ መጀመሪያ የሚመታው መግቢያው ላይ ያለው ፊውዝ ወይም ዳዮድ ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው።

መብራት በሚጠፋበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ በባትሪ የሚሠራውን አስቀድሙ። ክሮስ 2-61 በስድስት ትንንሽ (ኤኤ) ባትሪዎች፣ ጁኖ-ዲኤስ61 ቻርጅ በሚደረጉ ስምንት ኤኤ ባትሪዎች ይሠራሉ። መብራት ሲጠፋ ሚክሰሩም አብሮ ይጠፋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ግን በባትሪ ላይ ያለው ኪቦርድ ሴቲንጉን እንደያዘ ወዲያው ይቀጥላል፤ ሌላው ገና ይከፈታል። ባትሪ የማይቀበለውን የምትገዙ ከሆነ ትንሽ ዩፒኤስ ጨምሩበት። ዩፒኤሱ ጄኔሬተር ሲነሣ የሚመጣውን የቮልት መዋዠቅም ያለዝባል።

ደረጃ 5፦ ኪዎቹን ፈትሹ

ክብደት የሚቀነሰው በአብዛኛው ከኪው ነው። ስለዚህ ከፒያኖ የመጣ እጅ መጀመሪያ ላይ አይስማማውም።

- አንዱን ኪ በጣም ቀስ ብላችሁ፣ ከዚያ መካከለኛ፣ ከዚያ በኃይል ምቱ። ሦስት የተለያየ ድምፅ መስማት አለባችሁ።
- ከጥቁሮቹ ኪዎች መካከል ገባ ብላችሁ የነጩን ኪ የኋላ ጫፍ ተጫኑ። አጫጭር ኪዎች እዚያ ላይ ይከብዳሉ፤ ኮርድ ስትይዙ አንዳንዱ ኖታ የሚሰወረው ለዚህ ነው።
- ቬሎሲቲ ከርቩን (ኪው ለእጃችሁ ኃይል የሚሰጠውን ምላሽ የሚወስነውን ሴቲንግ) ቀይራችሁ ሞክሩ። "እጄ ላይ ይጮሃል" ወይም "አይጮህም" የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ በዚህ ይፈታል።

ኪውን ከያዙ በኋላ ጫን በማለት ድምፁን የሚያንቀጠቅጠው አፍተርተች በዚህ ክብደት ላይ እንዲኖር አትጠብቁ። ክሮስ 2፣ ጁኖ-ዲኤስ፣ ኤፍኤ-06፣ ሞድኤክስና የሮላንዱ ፋንተም-06 የላቸውም። የማሲንቆን ወይም የዋሽንትን መርገብገብ ለማውጣት በግራ በኩል ያለውን ዊል ወይም እጀታ ነው የምትጠቀሙት። ስለዚህ እሱን ደህና አድርጋችሁ ፈትሹት፤ ኖታውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ፒች ዊል ወይም እጀታ ገፍታችሁ ስትለቁት በትክክል መሃሉ ላይ መመለስ አለበት፤ ሞዱሌሽን ዊል ግን የተዉት ቦታ ላይ ይቆያል።

ደረጃ 6፦ የሠላሳ ደቂቃው የድምፅ ሙከራ

ይህን በሙሉ በራሳችሁ ማዳመጫ አድርጉ። የዴሞ ቁልፉን አትንኩ።

1. ኤፌክቱን አጥፉ። ሪቨርብና ኮረስ ደካማ ድምፅን ይሸፍናሉ። አዳራሹ የራሱ ማስተጋባት ስላለው መድረክ ላይ ሪቨርቡን ትቀንሱታላችሁ፤ ያን ጊዜ የሚቀረውን ድምፅ አሁኑኑ ስሙ።

2. የምትፈልጓቸውን ስድስት ድምፆች ብቻ ፈልጉ። ፒያኖ፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ ብራስ፣ ስትሪንግ እና ቤዝ። "ከ1000 በላይ ድምፅ አለው" የሚለውን እርሱት፤ አንድ ምሽት ላይ ከ15 በላይ አትጠቀሙም።

3. ደርቡ። ፒያኖና ስትሪንግ በአንድ ላይ አድርጉ፣ ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙ፣ ዝቅተኛውን ቤዝ ኖታ ምቱና በቀኝ እጃችሁ ኖታዎችን እያፈራረቃችሁ ወደ ላይ ውጡ። የመጀመሪያው ቤዝ ድንገት ቢቆረጥ የፖሊፎኒው (በአንድ ጊዜ ሊሰማ የሚችለው የድምፅ ብዛት) ወሰን ላይ ደርሳችኋል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ ኪቦርዱ በአንድ ጊዜ 128 ድምፅ ማሰማት ይችላል እንበል። አንዱ ድምፅ ከ4 ንብርብር የተሠራ ሆኖ በላዩ ሌላ ባለ 4 ንብርብር ብትጨምሩ አንድ ኪ 8 ይበላል። 128ን ለ8 ስታካፍሉ የሚቀረው 16 ኪ ነው። ፔዳል ከተያዘ 16 ኪ ወዲያው ያልቃል። መፍትሔው ሌላ ኪቦርድ ላይሆን ይችላል፤ የስትሪንጉን ንብርብር ወደ አንድ ወይም ሁለት አሳንሱና እንደገና ሞክሩ።

4. ያዙና ቀይሩ። ኮርድ ይዛችሁ፣ ሳትለቁ ወደ ሌላ ድምፅ ተሻገሩ። የያዛችሁት ተቆርጦ ጠፋ ወይስ እስክትለቁ ቆየ? ሞድኤክስ እስከ 4 ክፍል ባለው ድምፅ ሳይቆረጥ ያሻግራል። የሚቆረጥበትን ኪቦርድ የወደዳችሁት ከሆነ ሁለቱን ድምፆች በአንድ ፐርፎርማንስ (በአንድነት የሚጠሩ ድምፆች ስብስብ) ውስጥ አስቀምጣችሁ በቁልፍ ወይም በፌደር አንዱን ማጥፋት፣ ሌላውን ማብራት ይቻል እንደሆነ እዚያው ሞክሩ።

5. አንድ ጃክ ብቻ ሰኩ። በግራው (ሌፍት/ሞኖ የሚለው) ብቻ አውጥታችሁ ፒያኖውን ስሙ። ብዙ አዳራሾች ውስጥ ሳውንድማኑ አንድ ቻናል ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። በስቴሪዮ የሚያምር ፒያኖ ወደ ሞኖ ሲታጠፍ ቀጭን፣ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስላል፤ የግራና የቀኙ ሞገድ እርስ በርሱ ስለሚጠፋፋ ነው። በውስጡ ሞኖ ፒያኖ ካለው እሱን ለመድረክ መድቡት።

6. ትራንስፖዝ አድርጉ። ዘፋኙ "ግማሽ ድምፅ አውርድልኝ" ሲል ስንት ቁልፍ ትጫናላችሁ? ከሁለት በላይ ከሆነ መድረክ ላይ ያስቸግራል።

ደረጃ 7፦ በቅኝት ሞክሩት

ከውጭ የሚመጣ ግምገማ ይህን አይነግራችሁም። እያንዳንዱን ብራስና ስትሪንግ በአራቱ ቅኝት ተጫወቱት። ከዶ ብትጀምሩ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፤ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። አምባሰልና አንቺሆዬ ላይ ኖታዎቹ ተጠጋግተው ስለሚሄዱ ቶሎ የማይነሣ ስትሪንግ ዜማውን ያደፈርሰዋል። የድምፁን አታክ (ለመነሣት የሚወስደውን ጊዜ) አሳጥራችሁ ካልጠራ ሌላ ድምፅ ፈልጉ።

ከማሲንቆና ከክራር ጋር የምትሠሩ ከሆነ ስኬል ቲዩኒንግ የሚባለውን ሴቲንግ ፈልጉ። አሥራ ሁለቱን ኖታዎች ለየብቻ በሴንት ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጋል፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹ ኖታውን ይያዝ፣ እናንተ በአምስት አምስት ሴንት እያንቀሳቀሳችሁ ሁለቱ ድምፆች መወዛወዛቸውን እስኪተዉ ድረስ አስተካክሉ። ይህ ለውጥ ለአንድ ፐርፎርማንስ ብቻ መሆኑን ወይም ኪቦርዱን በሙሉ የሚነካ መሆኑን አረጋግጡ። በሙሉ የሚነካ ከሆነ ሳትመልሱት የቀጣዩ ዘፈን ፒያኖ ከጊታሩ ጋር ይጣላል።

ደረጃ 8፦ ሲክዌንሰሩና የራሳችሁ ድምፅ

ሲክዌንሰሩን በ4/4 አትሞክሩት፤ እዚያ ላይ ሁሉም ይሠራል። 6/8 አድርጉና የችክችካ ከበሮ ሁለት ባር ቅዱ። ምቱን የሚያስተካክለው ኳንታይዝ የ6/8ን ክፍልፋይ ካላወቀ ከበሮው ይንሸዋረራል። ከዚያ አንዷን የተሳሳተች ኖታ ብቻ ለማስተካከል ሞክሩ። ሙሉውን ካልደገማችሁ የማይሆን ከሆነ ይህ ኪቦርድ ሐሳብ መያዣ እንጂ ማቀናበሪያ አይሆናችሁም፤ ቅንብሩን በላፕቶፕ ትሠራላችሁ።

የቀዳችሁትን ሳታስቀምጡ ኪቦርዱን አጥፍታችሁ አብሩ። ብዙዎቹ ላይ ሥራው ይጠፋል። ይህን ሱቅ ውስጥ ማወቅ ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ከማወቅ እጅግ ይሻላል።

የራሳችሁን የክራር ድምፅ የምታስገቡ ከሆነ "ሳምፕል (ራሳችሁ የቀዳችሁት ድምፅ) አለው" በሚለው አትርኩ። ክሮስ 2 ላይ የምትቀዱት ሳምፕል በ16ቱ ፓዶች ነው የሚጫወተው፤ በኪው ላይ እንደ መሣሪያ ዘርግታችሁ ዜማ አትጫወቱበትም። ሞድኤክስ ግን 1 ጊጋባይት የተጠቃሚ ማስቀመጫ አለው፤ በኪው ላይ ይዘረጋል። ይበቃል ወይ? 20 የክራር ኖታ፣ እያንዳንዳቸው 5 ሴኮንድ፣ በሞኖ፣ በሲዲ ጥራት (44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት) ብትቀዱ ወደ 9 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል። ከበቂም በላይ ነው።

ደረጃ 9፦ ከሚክሰርና ከኮምፒውተር ጋር

ኬብሉ ከአምስት ሜትር በላይ ከሄደ ዲአይ ቦክስ ተጠቀሙ። "ኡም" የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያ የላፕቶፑን ዩኤስቢ ንቀሉ። ከጠፋ ችግሩ በመብራትና በዩኤስቢ መካከል የተፈጠረ የግራውንድ ዙር ነው፤ የዲአይ ቦክሱን ግራውንድ ሊፍት ተጫኑ ወይም ላፕቶፑን በባትሪ አሠሩ። የሶኬቱን የመሬት ፒን ግን በፍጹም አትቁረጡ፤ ሰው ይገድላል።

ላፕቶፑ ላይ ዩኤስቢው ሚዲ (የኖታውን ትእዛዝ) ብቻ ነው ወይስ ድምፅም ያስተላልፋል የሚለውን እዚያው ሞክሩ። ድምፅ የሚያስተላልፍ ከሆነ ሌላ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። አንድ ኪ ስትጫኑ ድምፁ ሁለት ጊዜ ከተሰማ ሎካል ኮንትሮሉን (ኪው በቀጥታ የኪቦርዱን ድምፅ የሚያሰማበትን ሴቲንግ) አጥፉት፤ ኪቦርዱ አልተበላሸም።

ደረጃ 10፦ ያገለገለ ከሆነ

- 61ዱንም ኪ አንድ በአንድ፣ በእኩል ኃይል ምቱ። አንዱ ብቻ በጣም የሚጮህ ወይም የማይጮህ ከሆነ ከሥሩ ያለው የላስቲክ ኮንታክት ቆሽሿል ወይም አልቋል። ይጸዳል፣ ይቀየራል፤ ዋጋውን ግን ቀንሱበት።
- ዳታ ዊሉን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቁጥሩ ወደ ኋላ እየዘለለ ከሆነ አልቋል።
- ተች ስክሪን ካለው አራቱንም ማዕዘን ንኩ።
- ጃክ ሰክታችሁ ገመዱን በቀስታ ወዝውዙ። የሚቆራረጥ ከሆነ ብየዳው ተላቋል።
- ፔዳሉን ሰኩ። ሳትረግጡ የሚረዝም፣ ስትረግጡ የሚቆረጥ ከሆነ ፖላሪቲው ተገልብጧል እንጂ አልተበላሸም። ኪቦርዱን አጥፉ፣ እግራችሁን አንሡ፣ መልሳችሁ አብሩ። ካልተስተካከለ ፔዳሉ ላይ ወይም ሴቲንግ ውስጥ ያለውን መቀየሪያ ተጠቀሙ።
- ከ30 ደቂቃ በኋላ እነዚህን እንደገና ሞክሩ። አንዳንዱ ብልሽት የሚታየው ሲሞቅ ነው።

ደረጃ 11፦ ከመጀመሪያው ሥራ በፊት

የድሮውን ተጠቃሚ ድምፅ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ፋክቶሪ ሪሴት አድርጉ። ለምሽቱ የሚያስፈልጓችሁን ድምፆች በምትጫወቱበት ቅደም ተከተል ደርድሩ፤ ፊደል ተከትላችሁ ሳይሆን ዘፈን ተከትላችሁ። የሁሉንም ድምፅ መጠን በአንድ ስፒከር እየሰማችሁ አመጣጥኑ፤ ከፒያኖ ወደ ብራስ ስትሻገሩ ሳውንድማኑ እጁን ወደ ፌደሩ መላክ የለበትም። ኪቦርዱ ለድምፆቹ መቆለፊያ ካለው ቆልፉ። በመጨረሻ ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ቅዱ። አንዱ ቦርሳው ውስጥ ይሁን፣ ሌላው ቤት ይቅር።